ጎንደር ላይ ኮምፒውተር መገጣጠምና መጠገን፦ ከየት ይጀመር? (የውይይት ክር ከነመልሶቹ)

የመክፈቻው ጥያቄ

ጠያቂው ማራኪ አካባቢ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሳይርቅ፣ አንድ ጠባብ ክፍል ለመከራየት ተነጋግሯል። ዕቅዱ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራምና ኬዝ ከአዲስ አበባ እያስመጣ ዴስክቶፕ ገጣጥሞ ለቢሮና ለተማሪ መሸጥ ነው። ጥገናውን የያዘው እንደ ጎን ሥራ ነው፤ ትርፉ ያለው መገጣጠሙ ላይ ነው ብሎ ያምናል። መጀመሪያ የትኞቹን መሣሪያዎች ልግዛ፣ ምን ያህል ዋስትና ልስጥ፣ መነሻ ገንዘቤን ምን ላይ ላውል ሲል ጠየቀ። ሰላምታና ምስጋና ብቻ የያዙትን መልሶች ዘልዬ ሌሎቹን በየቁጥራቸው አቀርባለሁ።

መልስ 1

በትሕትና የተጻፈ ቢሆንም ዕቅዱን ከሥሩ የገለበጠ መልስ ነው። የመንግሥት ቢሮዎች በጨረታ ወይም በፕሮፎርማ ይገዛሉ፤ የሚጠይቁትም የታወቀ ስም ያለው ማሽን ነው። ተማሪው ዶርም ይዞት የሚገባ ላፕቶፕ እንጂ ዴስክቶፕ አይፈልግም። የቀረው ገዢ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ፕሮዴስክ አይቶ፣ በአዲስ ዕቃ ከተገጣጠመው ጋር ዋጋ ሲያስተያይ፣ ወደ ርካሹ ይሄዳል። ለመገጣጠም የሚቀሩት የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ማስታወቂያ ቤቶችና የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ለእነሱም ቢሆን ቀብድ ተቀብሎ በትእዛዝ መሥራት እንጂ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አያዋጣም። ለቪዲዮ ሥራ 32 ጊጋ ራም፣ ለሚሠራበት ፋይል ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (በጣም ፈጣን ማከማቻ)፣ ያለቀውን ለማስቀመጥ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ 170 ዋት የሚበላ አርቲኤክስ 3060 ካርድ ከተጨመረበት ፓወር ሰፕላዩ እውነተኛ 550 ዋት መሆን አለበት።

ጸሐፊው የጨመረው የዋጋ ነገር እውነትም ሊዘለል አይገባም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የዕቃ ዋጋ በአጭር ጊዜ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው የሚጸናባቸው ቀናት በግልጽ ይጻፉ፣ ከአንድ ሳምንትም አይበልጡ።

መልስ 2

በቀጥታ ወደ መሣሪያው ገባ። ጥሩ ማልቲሜትር፣ መግነጢስ ያለው የመፍቻ ስብስብ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ሶልደሪንግ አይረን፣ ብሎወር፣ ፍለክስ፣ 99 በመቶ አልኮል፣ ተርማል ፔስት፣ ከ0 እስከ 30 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ። ለመፈተሻ የሚሆኑ ጤናማነታቸው የታወቀ ዕቃዎችም ይቀመጣሉ፦ ዲዲአር3ኤልና ዲዲአር4 የላፕቶፕ ራም፣ አንድ ኤስኤስዲ፣ አንድ ደህና የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ፣ የሳታ ገመድ፣ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪዎች፣ ቬንቶይ (ብዙ የመጫኛ ፋይሎችን ከአንድ ፍላሽ የሚያስነሳ ፕሮግራም) የተጫነበት ፍላሽ። ለባዮስ (ማሽኑን ለሚያስነሳው መነሻ ፕሮግራም) ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር (ቺፕ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ) ከ1.8 ቮልት አዳፕተሩ ጋር ይገዛል፤ በ1.8 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ላይ ያለ አዳፕተር ከተገናኘ ቺፑን ያበላሻል። ቺፑ ላይ ያለው ከመሰረዙ በፊት ሁለት ጊዜ ተነብቦ ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸው ይመሳከራል፤ የመጀመሪያው ንባብም የማሽኑን መለያ ቁጥርና ሌሎች መረጃዎች ስለያዘ አይጣልም። ትልልቅ ቺፖችን የሚነቅለውን የቢጂኤ ማሽን ለጊዜው እርሳው አለ።

ተመሳሳዩ ጸሐፊ የማይነሳ ላፕቶፕ ሲመጣ ከየት እንደሚጀመርም ዘረዘረ። በመጀመሪያ ቻርጀሩ 19 ወይም 19.5 ቮልት መስጠቱ ይለካል። ባትሪው ተነቅሎ የማብሪያው ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ይጫናል። ራሙ ወጥቶ እግሮቹ በላጲስ ይጠረጋሉ፣ አንድ በአንድ በየሶኬቱ ይሞከራል። ከዚያ በጠረጴዛው ፓወር ሰፕላይ የሚስበው አምፔር ይታያል። ዜሮ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ቦርዱ ውስጥ አልገባም፤ ጃኩ፣ ፊውዙ ወይም መግቢያው ላይ ያሉት ሞስፌቶች (ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ክፍሎች) ይጠረጠራሉ። ሳይበራ ወዲያው ከፍተኛውን አምፔር ከሳበ ሾርት አለ። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነና ቮልቱ 5 ላይ ቆሞ ወደ 20 ካልወጣ፣ ቻርጀሩና ቦርዱ አልተግባቡም፤ ጃኩ ወይም ያንን የሚቆጣጠረው ቺፕ ይታያል። ዋናው መስመር ሾርት ሲሆን ከ1 ቮልት አካባቢ ጀምሮ፣ አምፔሩ ተገድቦ፣ መስመሩ ላይ ይለቀቃል፤ አልኮል ሲቀባ ቶሎ የሚደርቅበት ቦታ ላይ ያለው ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ነው። ይህ የሚሆነው ለ19 ቮልቱ መስመር ነው፤ የፕሮሰሰሩ መስመር በተፈጥሮው ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ስላለው በማልቲሜትር ሾርት መስሎ ሊታይ ይችላል፣ እዚያ ላይ ቮልት ለቆ ፕሮሰሰር ማቃጠል ቀላል ነው።

መልስ 3

መልስ 1 ያነሳቸውን ያገለገሉ ዴስክቶፖች ይመለከታል። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ማዘርቦርድ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን የተለመደ 24 ፒን መሰኪያ ሲወስድ፣ 7020ና 9020 ግን 8 ፒን ነው። የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ 6 ፒን ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ማንኛውም ሱቅ ውስጥ ያለው አይገባም፤ መቀየሪያ ገመድ አስቀድሞ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። ቀጫጭኖቹ ኬዞች የሚቀበሉት ቁመቱ አጭር የሆነ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው፤ ከሶኬቱም ከ75 ዋት በላይ አይገኝም።

መልስ 4

ክሩ ከዚህ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ነገር አዘነበለ፤ እኔም እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ላስቀምጠው እወዳለሁ፤ በክረምት ጎንደር ውስጥ ለጥገና የሚመጣው ማሽን ብዙው መብራት ሄዶ ሲመጣ የተመታ ነውና። መልሱ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተለጠፈው የዋት ቁጥር እንዳይታመን ይመክራል። መታየት ያለበት የ12 ቮልቱ መስመር ነው፦ 12 ቮልት 16 አምፔር ካለ 192 ዋት ብቻ ነው፣ በትልቁ 500 ተብሎ ቢጻፍም። ከኋላ 115ና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ያላቸው ደግሞ አሉ። አገራችን 220 ቮልት ስለሆነ ማዞሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ያን ቅጽበት ይፈነዳል። ማንኛውም የተገጣጠመ ማሽን ከመሰካቱ በፊት ይህ ማዞሪያ ይታይ፣ ለደንበኛውም ከመሰጠቱ በፊት በፕላስተር ይሸፈን።

ከዚሁ ጋር መብራት ሲመለስ ወዲያው ማብራት እንደማይገባ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል ዲቫይደሩን አጥፍቶ መቆየት እንደሚሻል አነሳ።

መልስ 5፣ 6 እና 7

5ኛው በመልስ 4 ተስማምቶ የማቀዝቀዣ ጉዳይ አከለበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። 6ኛው ይህን ማጋነን ነው አለ፤ የጎንደር አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ይካካሳል የሚል ነው። 7ኛው ሁለቱንም አስታረቀ፦ በክረምት ክፍት ክፍል ውስጥ ልዩነቱ አይሰማም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካሜራ መቅጃ ወይም ቪዲዮ አቀናባሪ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ግን ይታያል። ይህ ማሽን ቢያንስ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ፋን ይኑረው። በበጋ አቧራው ሲነፋ የፋኑ ቢላዋ በጣት ተይዞ መሆን አለበት፤ በአየር ግፊት ከመጠን በላይ ሲዞር መሸከሚያው ይበላሻል። ተርማል ፔስት ደግሞ ሲያንስ እንጂ ሲበዛ አይጎዳም ለሚሉ ሰዎች፣ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ለፕሮሰሰር እንደምትበቃ አስረዳ።

መልስ 8

ኬዙ ለሚነዝር ኮምፒውተር መፍትሔ ብሎ ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን (ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር) ከኒውትራል (ከመመለሻው መስመር) ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት እንደሚበቃና ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ጻፈ።

መልስ 9

የክሩ ድምፅ እዚህ ላይ ተቀየረ። 9ኛው መልስ 8ን ሰው ለመግደል የተጻፈ ምክር ነው አለው። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም በፍሬ ነገሩ ትክክል ነው። ኬዙ የሚነዝረው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩት ትንንሽ ካፓሲተሮች ከፌዝም ከኒውትራልም ወደ ኬዙ ስለተያያዙ ነው። ግራውንድ ከሌለ ኬዙ በግማሹ፣ 110 ቮልት አካባቢ ይንሳፈፋል፤ የሚያልፈው አምፔር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። ግራውንዱ ከኒውትራል ጋር ታስሮ ሳለ መንገድ ላይ ኒውትራሉ ቢበጠስ፣ ወይም ምሰሶው ላይ ጥገና ሲደረግ ሁለቱ መስመሮች ቢቀያየሩ፣ ኬዙ ሙሉ 220 ቮልት ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚነካው ሰው አይተርፍም።

መልስ 10

8ኛው ተመልሶ መጣ፤ ተቆጥቷል። በብዙ ኪራይ ቤት ግራውንድ የሚባል ነገር የለም፣ ታዲያ ደንበኛውን ምን ልበለው የሚል ነው ክርክሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አወያዩ ሁለቱም ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ጠየቀ።

መልስ 11

ረጅም ጊዜ በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ አባት መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ ልጆቼ ብለው ጀምረው ሁለቱንም አረጋጉ። ግራውንድ የሌለው ቤት ግራውንድ ይበጅለታል፦ መዳብ የተለበጠ ዘንግ፣ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ የሚረዝም፣ እርጥበት በማይለየው ቦታ፣ ለምሳሌ የጣራ ውኃ የሚወርድበት አጠገብ ይቀበራል። የጎንደር መሬት ብዙ ቦታ ላይ ከጥቂት አፈር በታች ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ አንድ ዘንግ ወደ ታች አይገባም፤ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ዘንጎች ቢያንስ በርዝመታቸው ልክ ተራርቀው በመዳብ ሽቦ ይያያዛሉ። በጋ ላይ መሬቱ ሲደርቅ ግራውንዱ ስለሚዳከም ልኬቱ በደረቅ ወቅት ይወሰድ። ማልቲሜትር ፌዝና ግራውንድ መካከል 220 ማሳየቱ ግራውንዱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ደካማ ግራውንድም ያሳያልና በኧርዝ ቴስተር ይለካ። ከዚህ ሌላ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቋረጥ የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚያጠፋ) ሰሌዳው ላይ ይግባ። ባለቤቱ ዘንግ አላስቀብርም ካለ ብሬከሩ ብቻውን ከምንም ይሻላል፤ ግራውንድና ኒውትራልን ማሰር ግን በምንም መንገድ አይፈቀድም ብለው ቁርጡን ተናገሩ። 10ኛው ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አልተከራከረም።

መልስ 12

ስለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ ዕቃ) ነው። 650 ቪኤ የሚለው ዩፒኤስ 360 ዋት አካባቢ ነው የሚችለው፤ ውስጡ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ፋይል አስቀምጦ ለማጥፋት እንጂ ለመሥራት አይበቃም። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም እዚያ ላይ አይሰካም፤ ማሞቂያው በአንዴ ብዙ ስለሚስብ ዩፒኤሱን ያጠፋዋል ወይም ያቃጥለዋል። ባትሪውን ለመፈተሽ ሞልቶ ካደረ በኋላ አምፖል ይሰካበትና ከመብራት ይነቀላል፤ ቮልቱ ወዲያው ከ10.5 በታች ከወረደ ባትሪው አልቋል። ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ መቀየር አለበት።

መልስ 13

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። አንድ ጥገና ቤት ስሙ የሚጠፋው በተቃጠለ ቦርድ ሳይሆን ፎርማት ሲያደርግ በሚጠፋ ፋይል ነው ብሎ ይነሳል። ደንበኛው ፋይሌ ዴስክቶፕ ላይ ነው ቢልም አይታመንም። የፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም) ሒሳብ የሚቀመጠው ዶክመንትስ ውስጥ ሳይሆን ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ፎልደር ነው፤ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፕሮግራሙ ተከፍቶ የድርጅቱ መረጃ ያለበት መንገድ ይጻፍ፣ ከራሱ ከፕሮግራሙም ባክአፕ ይወሰድ። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ፎልደር የሰው ግማሽ ሰነዱ ነው። የብሮውዘር የይለፍ ቃሎች ይጠየቃሉ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ካለ 48 አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁጥር እጅ ላይ ሳይገባ ባዮስ አይነካ፣ ማዘርቦርድ አይቀየር።

ከሁሉ በላይ ፎንቱ። የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ ቤቶች በቪዥዋል ግዕዝና በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የብዙ ዓመት ሰነድ አላቸው። እነዚያ ፋይሎች ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆነው ይታያሉ፤ ደንበኛው ፋይሌን አበላሸህብኝ ይላል። ስለዚህ ዊንዶውስ ሥር ያለው የፎንትስ ፎልደር ሙሉ ለሙሉ ይቀዳ፤ አንዳንድ ፎንት ግን በተጠቃሚው የአፕዳታ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ እዚያም ይታይ።

መልስ 14

ትንሽ ከርዕሱ ወጣ ቢልም ጠቃሚ ነው። ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት አብሮ አይመጣም፤ በሴቲንግስ ውስጥ ከተጨማሪ አማራጮች የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶች የሚለው ተመርጦ ይጫናል። ካልተጫነ ጽሑፉ በሌላ ፎንት፣ በኢብሪማ፣ ይታያል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለይ የገጽ ብዛቱ ይዛባል፣ ውልና የፍርድ ቤት ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ኪቦርድ ጥቂት ሰዎች ተነጋግረዋል፤ ዘልዬዋለሁ።

መልስ 15

የተረከብኩበት ወረቀት ከመሣሪያ ሁሉ ይቀድማል አለች ጸሐፊዋ። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው፦ የባለቤቱ ስምና ስልክ፣ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የራሙ መጠን፣ የዲስኩ ዓይነትና ቁጥር፣ ቻርጀርና ቦርሳ አብሮ መምጣቱ፣ ስክሪኑና ኬዙ ላይ ያለ ጭረት፣ የተነገረው ችግር፣ ፋይሉ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው መልስ ከነፊርማው። መታወቂያ ማየትም አይርሱ፤ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ሰው ይዞት የመጣው ላፕቶፕ ከማን እንደሆነ ሳይጠየቅ አይከፈትም። የምርመራ ክፍያ አስቀድሞ ይነገር፤ ደንበኛው ካስጠገነ ከዋጋው ይቀነስለታል፣ ካላስጠገነ ይከፍላል። ዋስትናው ለተቀየረው ዕቃ እንጂ ለመላው ማሽን አለመሆኑ ይጻፍ፤ ለተጠገነ ቦርድ አንድ ወር፣ ለአዲስ ኤስኤስዲና ራም አቅራቢው ለሱቁ የሰጠው ያህል።

መልስ 16 እና 17

16ኛው በምሬት ጻፈ። ራም ቀንሰው የሚመልሱ፣ ኤስኤስዲ አውጥተው አሮጌ የሚከቱ ሰዎች ገበያውን አበላሹት፣ አሁን ደንበኛው ሁሉንም ጠጋኝ ሌባ ነው ብሎ ያስባል የሚል ነው። 17ኛው ማልቀሱ ምንም አያመጣም ብሎ ቆረጥ ባለ ቃል መለሰለት፤ ማሽኑ ደንበኛው ፊት ተከፍቶ በስልኩ ፎቶ እንዲያነሳ ይደረግ፣ ሲረከብም ባዮስ ውስጥ ራሙና የዲስኩ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ተመሳክሮ ይታየው። እንዲህ የሚሠራ ቤት ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ በርካሽ የሚመጣ ኤስኤስዲና ፍላሽም ከመሸጡ በፊት በኤች2ቴስትደብሊው (የማከማቻን እውነተኛ መጠን በሚፈትሽ ፕሮግራም) ሙሉው ይጻፍበትና ይነበብ፤ 1 ቴራ ተብሎ ውስጡ 64 ጊጋ የሆነ በብዛት አለ።

መልስ 18

ጠያቂው ተመለሰ። ዕቅዱን ገልብጦታል፦ መነሻ ገንዘቡን በመሣሪያና በመፈተሻ ዕቃ ላይ ያውላል፣ መገጣጠምን በትእዛዝ ብቻ ይይዛል፣ ሱቁ ውስጥ ግራውንድ ያስቀብራል። የቀረችው ጥያቄ 6ኛና 7ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ያገለገሉ ላፕቶፖችን አሁን መሸጥ ያስነውር እንደሆነ ነው።

መልስ 19

አያስነውርም፣ ግን እውነቱ ይነገር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ)፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች አይቀበልም። በዘዴ አስገድዶ መጫን ይቻላል፣ ነገር ግን ማሻሻያው እንደሚቀጥል ዋስትና የለም፤ ይህም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ለሚፈልገው ሊኑክስ ሚንት ተጭኖ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ቢገባለት ያው ላፕቶፕ ገና ብዙ ያገለግላል። በክራክ የተከፈተ ዊንዶውስ መሸጥን አጥብቆ ተቃወመ፤ አብሮት የሚገባው ቫይረስ ማሽኑን መልሶ እዚያው ሱቅ ያመጣዋልና።

መልስ 20

ከርዕሱ ውጪ የመጣ ጥያቄ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ የልጆቹ ፎቶ ውስጡ አለ፤ ቻክዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻና መጠገኛ) ላስኬድበት ወይ ሲል አንድ ሰው ጠየቀ።

መልስ 21

ወንድሜ አሁኑኑ አጥፋው በሚል ጀመረ። ቻክዲስክ የተጎዳ ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ያለውንም ያጠፋል። ድምፅ የሌለውና የዘገየ ብቻ ቢሆን ኖሮ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ (የዲስክን ጤንነት በሚያሳይ ፕሮግራም) የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 05፣ ሲ5ና ሲ6 የሚባሉት መስመሮች ታይተው፣ ከሊኑክስ ፍላሽ ተነስቶ በዲዲሬስኪው (የታመመ ዲስክ በሚቀዳ ፕሮግራም) ወደ ጤነኛ ዲስክ ሙሉ ቅጂ ይወሰድ ነበር፤ የማዳኑ ሥራም በቅጂው ላይ ይሠራል። ቀጭ የሚለው ግን የማንበቢያ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ በበራ ቁጥር ሳህኑን ይፍቃል። ከአቧራ የጸዳ ክፍል የሌለው ሱቅ ክዳኑን መክፈት የለበትም፤ እከፍተዋለሁ የሚልህም ካለ አትስጠው። መረጃ የማዳን ሥራ ብቻ ወደሚሠሩ ሰዎች ሲላክ በፀረ ስታቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በስድስቱም ጎን ቢያንስ አራት ጣት ውፍረት ባለው ስፖንጅ ተከቦ፣ በካርቶን ይታሸግ፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን፣ የሚያምኑት ተጓዥ በእጁ ይዞት ይሂድ።